የሰባት ቁጥር እጆች

ባለቤቴ በቪዲዮ የተቀረጸበት ዕለት ጠዋት ከሌላው ጠዋት የሚለይበት ነገር አልነበረም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። እሱ ሻይ ጣደ፤ እኔ የሁለታችንን ምሳ ቋጠርኩ። የሥራ ሸሚዙን ሲለብስ የቀኝ እጅጌው ጫፍ ተተርትሮ አየሁና ማታ እሰፋልሃለሁ አልኩት። ምሳ ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከላዩ አዲስ ሳሙና አስቀመጥኩበት። አንስቶ አሸተተው።

«ይሄ ደግሞ ማባያ ነው?»

«ከመብላትህ በፊት እጅህን ታጠብበት።»

«እሺ ዶክተር።»

ዶክተር አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታቲስቲክስ ተምሬያለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለኝም። እሱ ግን ሲያሾፍብኝም ሲኮራብኝም የሚጠራኝ በዚሁ ነበር። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በድምፁ ነው። በር ላይ ተለያየን። እኔ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድኩ፣ እሱ በእግሩ ወደ ባትሪ ቤቱ።

ባትሪ ቤት የምለው አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚታደስበትን ቦታ ነው። ዘጠኝ ወንዶች ይሠሩበት ነበር። የሞተው ባትሪ ይፈለጣል፣ አሲዱ ይደፋል፣ ውስጡ ያለው እርሳስ ወጥቶ ምድጃ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ እንደገና ተሠርቶ ይገጠማል። እርሳስ ለስላሳ ብረት ነው፣ እንደተፈለገ ይታጠፋል። መርዝነቱ ግን አይሸትም፣ አይፋጅም፣ ምላስ ላይም ትንሽ ይጣፍጣል ይባላል።

የእኔ ሥራ ደግሞ ሰው ሲሠራ ማየት ነበር። የጥናት ቢሯችን በሥራ ቦታ ያለ መርዝ ወደ ሰው ሰውነት ምን ያህል እንደሚገባ ይለካል። አየሩን የሚለኩ አሉ፣ ወለሉን በጨርቅ ጠርገው የሚመረምሩ አሉ። እኛ የምናየው እጅን ነው። ካሜራ ጥግ ላይ ይተከላል፣ ሠራተኛው አራት ሰዓት ሙሉ ይቀረጻል። ከዚያ እኛ ስክሪን ፊት ተቀምጠን ሁለቱ እጆቹ የነኩትን ሁሉ በየሴኮንዱ እንመዘግባለን፤ ይህን ንባብ እንለዋለን። ብረት፣ ልብስ፣ ፀጉር፣ ወለል፣ አፍ። እያንዳንዱ በኪቦርዱ ላይ የራሱ ቁልፍ አለው። ቀለሙ ከሁሉም ቀድሞ የሚለቀው የአፍ ቁልፍ ነው። ሰው በቀን ስንት ጊዜ እጁን ወደ አፉ እንደሚሰድ ቢያውቅ እጁን ኪሱ ከትቶ ይውል ነበር።

ሰውየው ዞር ብሎ እጁ ካልታየን «ከእይታ ውጭ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ያን እንጫናለን። ያላየነውን አንገምትም። ይህ የቢሮው የመጀመሪያ ሕግ ነው። ስሌት ሲሠራ ያልታየው ጊዜ ይወጣል፣ የታየው ብቻ ይቀራል። ሰው በታየበት ጊዜ እንደሠራው ባልታየበትም ይሠራል ብለን ነው የምንነሳው። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ስህተት የለበትም፣ ሰውየው አውቆ ካልዞረ በቀር።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ቁጥር ይወጣለታል፤ እጁ ወይም የያዘው ነገር በሰዓት ስንት ጊዜ አፉን እንደነካ የሚናገር ቁጥር። ከአሥር በላይ የሆነ ሰው ደሙ ይመረመራል። ደሙ መጥፎ ሆኖ ከተገኘ ከምድጃው ተነስቶ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ከአሥር በታች የሆነ እዚያው ይቀጥላል። የደም መመርመሪያው ለሁሉም አይበቃም ነበር።

ከጎኔ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ዳኛው እንለው ነበር፤ እጅ ወደ አፍ በሄደ ቁጥር ስለሚያፏጭ።

«ገባች!» ይላል። «እነዚህ ሰዎች እኮ እርሳሱን እንደ ከረሜላ ነው የሚመጥጡት። እውነት ሚስቶቻቸው ምን ይሏቸው ይሆን፣ እትዬ?»

«እኔ ምኑን አውቄ» አልኩትና አብሬው ሳቅኩ።

ስቀጠር በሞላሁት ቅጽ ላይ «የባለቤት ሥራ» በሚለው ቦታ «ቴክኒሻን» ብዬ ጽፌ ነበር። ውሸት አልነበረም። እውነቱም ግን ያ አልነበረም።

ባለቤቴ አንድ አመል ነበረው። ሁለቱ እጆቹ ሥራ ሲይዙ ቀጭኑን የእርሳስ ሽቦ በጥርሱ ይይዘዋል፤ ሲፈልግም በጥርሱ ይቆርጠዋል። ሥራውን ያስተማሩት አባቱ ናቸው፤ እሳቸውም እንደዚያው ነበሩ። እኔ ቢሮው ከገባሁ በኋላ በዚህ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ከረምን። «አንቺ እኮ እጅ ከፍንጅ ልትይዢኝ ነው የተቀጠርሽው» ይለኝ ነበር። ሲሰለቸው ተውኩት አለኝ። አመንኩት ማለት አልችልም። ማመኑ ግን ለሁለታችንም ይቀል ነበር።

ቪዲዮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛዬ ደረሰ። ስም አይጻፍበትም፤ ሰባት ቁጥር ይላል። ፊቱ ከመታየቱ በፊት እጅጌውን አወቅሁት። ሳልሰፋው ቀርቼ ነበር።

የምናውቀው ሰው ከመጣ ወዲያው ተናግረን ለሌላ ማስተላለፍ አለብን። ይህም ሕግ ነው። ዳኛው አጠገቤ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። «ይሄ ባሌ ነው» ማለት ሦስት ቃል ነው። አላልኩም። ምክንያቴን በኋላ ብዙ ጊዜ ላሳምረው ሞክሬያለሁ፤ አያምርም። ያፈርኩት በእሱ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ሲሠራ አይቼው አላውቅም። እቤት ውስጥ ዕቃ የሚጥል፣ በር የሚያጋጭ ሰው ነበር። ስክሪኑ ላይ ያየሁት ሌላ ሰው ነው። ባትሪውን እንደታመመ ሕፃን ቀስ አድርጎ አጋደመው። ክዳኑን ከፍቶ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ሲያወጣ እጆቹ አይቸኩሉም፣ የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። የነካውን ሁሉ እየመዘገብኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የማየው ሰው መሰለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳሙናውን አወጣ። ወደ ካሜራው ከፍ አድርጎ ፊቱንም ጀርባውንም አሳየ፣ ከዚያ እስከ ክርኑ ድረስ ታጠበ።

«ይሄኛው ደግሞ ማስታወቂያ ይሠራል እንዴ?» አለ ዳኛው አንገቱን አስግጎ።

ከሰዓት በኋላ ሽቦ የሚያስፈልገው ሥራ መጣ። ሽቦውን ቆረጥ አደረገና ሁለት እጁን ባትሪው ላይ ጭኖ አንዴ ካሜራውን አየ። ከዚያ ባትሪውን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጀርባው ብቻ ቀረ። ግራ ትከሻው ከፍ አለ፣ ራሱ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። ያንን ዘንበል ማለት አውቀዋለሁ። እቤት ሬዲዮ ሲጠግን፣ ክር ሲበጥስ፣ ራሱ ዘንበል የሚለው ጥርሱ ሲይዝ ነው።

እጁ አይታይም። አፉ አይታይም። «ከእይታ ውጭ» የሚለውን ተጫንኩ።

እንዲህ ስልሳ አንድ ጊዜ ዞረ። ስልሳ አንድ ጊዜ ያንኑ ቁልፍ ተጫንኩ። መቁጠሬን ማንም አላዘዘኝም።

ለሰባት ቁጥር የወጣለት ውጤት በሰዓት ሦስት ነበር። ዳኛው ሁለተኛ አንባቢ ሆኖ ያንኑ ቪዲዮ ለብቻው አየው፤ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ከእኔ ጋር ገጠመ። አስተባባሪያችን፣ ብዙ የማይናገሩ ጥንቁቅ ሴት፣ ወረቀቱን ይዘው መጡና በሁሉም ፊት «ንባብ ማለት እንዲህ ነው፤ ያዩትን ብቻ» አሉ። ለአዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ እንዲሆንም አስቀመጡት።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ልብስ እያጠፍኩ ጠየቅሁት።

«የተቀረጽክ ዕለት ምን ሆነህ ነው ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ የዋልከው?»

«ያ ካሜራ ሲያፈጥብኝ አሳፈረኝ።»

«ሽቦውን ነክሰህ ነበር?»

«አየሽኝ?»

«አላየሁህም።»

«እንግዲያው አልነከስኩም» አለና ሳቀ። «ስንት አገኘሁ?»

ውጤት መናገር ክልክል ነው። በጣቶቼ ሦስት አሳየሁት።

«ከስንት?»

«ማነስ ነው ጥሩው።»

«አየሽ፣ ዶክተር፣ ሳሙናሽ ሠራ።»

እኔም ሳቅኩ። ቁጥሩ ውሸት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት ላይ በአሃዝ ተጽፎ ሳየው ግን እፎይ አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ቁጥር ከየት እንደመጣ መጠየቅን ነበር። የራሴን አልጠየቅሁትም።

ጥናቱ አምስት ባትሪ ቤቶች ነበሩት፣ በጠቅላላው አርባ ሦስት ሠራተኞች። የባለቤቴ ባትሪ ቤት፣ የሌሎቹን ስምንት ሰዎች ቪዲዮ ሌሎች አንባቢዎች አንብበውት፣ ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ከዘጠኙ አንድም ሰው ለደም ምርመራ አልተጠራም። የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ ከምድጃው በላይ ሰቀሉት።

ባለቤቴን መጀመሪያ ሆዱን ቆረጠው። የበላሁት ነገር ይሆናል አለ። ቀጥሎ እንቅልፍ አጣ፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ሊጥድ ብሎ ማንቆርቆሪያውን ሳይሆን እጁን ራሱን ማንሳት አቃተው። የቀኝ እጁ ከአንጓው በታች ተንጠልጥሏል። እንደ ሌላ ሰው እጅ አድርጎ አየው።

«እንቅልፍ ላይ ነው» አለኝ። «ይነቃል።»

ሆስፒታል ደሙን ሲለኩ ባለሙያው ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ደግሞ ለካው። ኩላሊቶቹም ከተጎዱ ቆይተው ነበር። ሐኪሙ ምን ሥራ እንደሚሠራ ጠየቀኝ። «ባትሪ ሠራተኛ ነው» አልኩ። ይህን ለማያውቀኝ ሰው ጮክ ብዬ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለቱም እጆቹ ሲደክሙ በማንኪያ አጎርሰው ነበር። እጄ ወደ አፉ ሲሄድ ይቆጥራል። «አንድ። ሁለት። መዝግቢ እንጂ፣ ዶክተር፣ ሥራ ፈታሽ እኮ።» አንድ ቀን ደግሞ ሳይስቅ፣ «ሦስት ነበር አይደል ያገኘሁት?» አለኝ። አዎ አልኩት። አፉን ጠረግሁለት። የሞተው ከተቀረጸ በአሥራ አራተኛው ወር ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት የባትሪ ቤቱ አለቃ ሊጠይቁኝ መጡ። ባለቤቴን ከልጅነቱ የሚያውቁ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። ሻይ ሰጠኋቸው። አንዴ ፉት ብለው፣

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ» አሉ። «ብናገረው የሚቀለው እኔን ነው፤ አንቺን አይደለም።»

«ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ያ ካሜራ የመጣ ዕለት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁላችንንም ሰበሰበን። ‹ጎበዝ፣ ይሄን ነገር የምታየው ሚስቴ ናት፤ ሽቦ በአፌ ይዤ ካየችኝ እቤቴ አልገባም፤ እኔ ወደ ግድግዳ ነው የምዞረው› አለ። ሳቅን። ከዚያ አንዱ፣ ‹እኛን ስታይስ? ባሏም እንደዚሁ ነው ብላ ታውቅበታለች› አለ። እውነቱን ነው አልን። ስለዚህ ሁላችንም ዞርን።»

«ሁላችሁም?»

«በየተራ በተቀረጽን ጊዜ፣ ዘጠኛችንም። የወንድማችን ትዳር እንዳይበጠበጥ ብለን ነው፣ ልጄ። ሲያስቀን ነው የከረመው። አንዱ ሲዞር ሌላው ‹ሰላም ለቤቱ› ይለዋል።»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አየሁ። ከሥራዬ የቀረ ልማድ ነው፤ ሰው ሲያወራኝ እጁን ነው የማየው። ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይዘዋል። ሲያስቀምጡት የቀኝ እጃቸው አንጓ ወደ ታች ወደቀ፤ በግራቸው ደግፈው አነሱት።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ዕድሜ ነዋ።»

ባትሪ ቤቱ ንጹሕ የሆነው በእኔ ነው። ስምንት ሰዎች ምድጃው አጠገብ የቆሙት ለእኔ ይሉኝታ ብለው በዞሩት ጀርባ፣ እኔም ሳልናገር በተጫንኩት ቁልፍ ነው። ባለቤቴን የሚያተርፍ ነገር አልነበረም። እነሱ ግን ገና በሕይወት ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አስተባባሪዋ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«ሰባት ቁጥር ባለቤቴ ነበር» አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ። ስለ ሽቦው፣ ስለ ግድግዳው፣ አለቃው ስለነገሩኝ ሁሉ ተናገርኩ።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«በምን?»

«በሥራው።»

ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ቆዩ። የእሳቸውም ፊት ስላልታየኝ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ሲመለሱ ስልክ አነሱና ስምንቱም ሰዎች በዚያው ሳምንት ደማቸው እንዲመረመር አዘዙ። መመርመሪያው አይበቃም ሲሏቸው፣ «ይበቃል» ብለው ዘጉት። ይህን ሁልጊዜ አስታውስላቸዋለሁ።

ከስምንቱ የስድስቱ ደም መጥፎ ሆኖ ተገኘ፤ የአለቃው ከሁሉም ባሰ። ከምድጃው ተነሱ፣ ሕክምናም ጀመሩ። አለቃው አሁን በር ላይ ተቀምጠው የገባና የወጣ ባትሪ ይመዘግባሉ። እርሳቸውን ባገኘሁ ቁጥር እጃቸውን አያለሁ። ትንሽ ትንሽ ይነሳል።

ለራሴ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የሰባት ቁጥር ውጤት ይስተካከል» አልኳቸው። «ሦስት አይደለም። ስልሳ አንድ ጊዜ ነክሷል። ቆጥሬዋለሁ።»

«አይተሻል?»

«አውቀዋለሁ።»

«አይተሻል ወይ ነው የምልሽ።»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ልጽፈው አልችልም።» ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «ሦስትም ብዬ ልተወው አልችልም። አንባቢው የሚያውቀው ሰው ከሆነ መስመሩ እንዳለ ይወጣል። ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከጥናቱ የወጣ ሰው ቪዲዮም ይደመሰሳል፤ እሱ ራሱ የፈረመበት ነው።»

የፈረመበትን ወረቀት አሳዩኝ። ፊርማው ያው እንደ ሁልጊዜው ከመስመሩ ወጥቷል።

የሚደመስሰው ዳኛው ነበር። ጠራኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ ማፏጨት ትቷል፤ ዓይኔንም በቀጥታ አያይም።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ስለ ከረሜላ ያልኩት…»

«ስቄያለሁ እኮ» አልኩት። «አብሬህ ነው የሳቅኩት።»

«ቅጂ ልውሰድ ቢሉኝ አላየሁም እላለሁ።»

«አይሆንም።»

«እሺ አንድ ጊዜ ይዩት። የቱ ጋ ልክፈተው?»

ምሳ ሰዓት ላይ ክፈተው አልኩት። ባለቤቴ በተተረተረው እጅጌው ሳሙናውን አወጣ፤ ፊቱንም ጀርባውንም ለካሜራው አሳየ። ያኔ ለቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው በሙሉ ዓይኑ ወደ እኔ ነው የሚያየው። ከዚያ ታጠበ። አርባ ሴኮንድ ያህል ይሆናል። ውኃው ሲቆም በቃኝ አልኩት።

እኔ ከንባብ ተነስቼ መዝገብ ክፍል ተመደብኩ። የጥናቱ የመጨረሻ ሰንጠረዥ ታትሞ ሲመጣ ወደ ማኅደሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የሠራተኞች ብዛት አርባ ሁለት ይላል። በግራ በኩል ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ከስድስት ቀጥሎ ያለው ስምንት ነው። ሰባት የለም።